እናቴን ይዤ ሐረጎን የወረድኩበት ቀን

በመጀመሪያ የነበርነውን ሰዎች አንድ በአንድ ልጥራ። እናቴ ዘሐራ ነበረች። የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ እንድሪስ ነበሩ። የፋብሪካ ባልደረባዬ፣ የኩታበሩ ልጅ ጌታቸው ነበር። እኔ ሰይድ ነበርኩ። መንገድ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ተጨመረ፤ ቀይ ሲኖ ትራክ የሚነዳ ሾፌር። ስሙን አልጠየቅሁትም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቤታችን ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ጀርባ ነው። ሥራዬ ኮምቦልቻ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ በፈረቃ እገባለሁ። በፈረቃ የሠራ ሰው ድካሙን ያውቀዋል፤ ላልሠራበት ማስረዳት ግን ይቸግራል። የሚያደክመው ሥራው ብቻ አይደለም፤ መመላለሱ ነው። ከፋብሪካ ወጥቶ መኪና መጠበቅ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ መቀመጥ፣ በተቀመጡበት መተኛት፣ ተኝቶ መውረጃን ማለፍ። አንድ ቀን ረዳቱ ሲቀሰቅሰኝ ወደ ቤት እየሄድኩ ይሁን ወደ ሥራ ጠፍቶኝ፣ ከአጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት ጠይቄያታለሁ። ሳቀችብኝ። እኔ አልሳቅሁም።

እህቴ አረብ አገር ናት። ይህን ከእናቴ በስልክ ሰማች። ቆይታም «ለሰይድ ሞተር ይገዛለት» ብላ ገንዘብ ላከች። የላከችው ለእናቴ ስለሆነ ውሳኔው የእናቴ ነበር። እናቴ ደግሞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ እንደ ሰው ጠላት ነው የምትፈራው።

«ሁለት ልጅ ነው ያለኝ» አለችኝ። «አንዷ አረብ አገር፣ አንዱ ሐረጎ ላይ። ወላሂ እንዲህ ሆኜ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው እማ።»

«ቀስ ብዬ ያላለ አለ? ሁሉም ቀስ ብዬ ነው የሚለው።» ትንሽ አሰበች። «እንዲህ እናድርግ። መጀመሪያ እኔን ይዘኸኝ ትወርዳለህ። ከኋላህ ተቀምጬ ልየው። ልቤ ካመነ ያንተ ነው። ካላመነ ወደ መጣበት ሱቅ ይመለሳል፤ አንተም ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ።»

ተስማማሁ። ሌላ ምርጫ አልነበረኝም።

የተገዛችው ስኩተር በካርቶን እንደታሸገች መጣች። ሱቁ «ገጣጥመን እናስረክብህ» ቢልም እምቢ አልኩ። ሰው የገጠመውን ነገር እኔ ካልፈታሁት አላምነውም፤ ተፈጥሮዬ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ ያየሁት በስልክ ቪዲዮ ነው፣ የቀረውን በእጄ ፈትቼ ነው ያወቅሁት። መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለነበር ለብዙ ምሽት መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩት።

ጌታቸው ከፈረቃ ወጥቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ በቀጥታ ወደ እኛ ቤት መጣ። ግቢው መሃል ካርቶኑን ቀደድን። የፊት ጎማውንና መሪውን ስንገጥም ትዕግሥቱ አለቀ።

«ኢንጂነሩ፣ አስነሳትና ድምፅዋን እንስማ!»

«ዘይት የላትም።»

«አዲስ ናት እኮ!»

«አዲስ ስለሆነች ነው። ስትጓጓዝ እንዳይፈስ ደረቋን ነው የሚልኳት።» የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዤ አሳየሁት። ደርቆ ያብረቀርቃል።

ጌታቸው ዘንጉን አገላብጦ አየና «ለካ በጾም ነው የመጣችው! እንደኔ ናት በለኛ» አለ።

ዘይቱን በልኩ ሞላሁ። ባትሪውን መጀመሪያ ቀዩን፣ ቀጥሎ ጥቁሩን አሰርኩ። ዳዶዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ በቁልፍ ነካኋቸው፤ አንዱ በጣት የሚዞር ነበር። ጎማዎቹ ነፋስ ጎድሏቸው ነበር፤ ሞላኋቸው። ጌታቸው ግድግዳ ተደግፎ አንዴ ይተኛል፣ አንዴ ነቅቶ «አሁንም ከዚያው ቡሎን ላይ ነህ?» ይላል።

ፍሬኑ ላይ ስደርስ እናቴ መጥታ ከአጠገቤ ቁጢጥ አለች። ከፊት ጎማው ጎን ያለውን ብረት በጣቷ አሳየችኝ።

«ይሄ የሚያብረቀርቀው ክብ ነገር ምንድን ነው?»

«ዲስክ ይባላል።»

«ሥራውስ?»

እኔ ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። አጠር አድርጌ «ይሄ ነው የሚያቆመኝ። ሐረጎ ላይ ልጅሽን ይዞ የሚያስቀርልሽ ይሄ ነው» አልኳት።

በጣቷ ጫፍ ነካችው። «አሏህ ያጽናው» አለች።

የኋላው ፍሬን ከድሮው ዓይነት ነው፤ ጎማው መሃል ባለ ክብ ቤት ውስጥ ሁለት የፍሬን ሸራ ተለጥጦ የሚይዝ። እሱንም አስተካከልኩ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቼ በግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ነዳኋት። የፊቱን ያዝኩ፤ ቆመች። የኋላውን ያዝኩ፤ ቆመች። ጌታቸው አጨበጨበና «እኔ በሚኒባስ ቀድሜ ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ እጠብቃችኋለሁ። ዓይኔ ካላየ አላምንም» አለ። እኔ እጄን ልታጠብ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። የዘይት እጅ ቶሎ አይለቅም፤ ቆየሁ።

እዚህ ላይ የቤታችንን ልማድ መናገር አለብኝ። በእኛ ቤት አዲስ የገባ ነገር ቅቤ ሳይነካው አይወጣም። የቤት ምሰሶ ሲቆም ይቀባል። የተገዛ በሬ ቀንዱ ይቀባል። ሙሽራ አናቷ ይቀባል። ታጥቤ ስመለስ አያ እንድሪስ ስኩተሯ ፊት ቆመው እጃቸውን ዘርግተዋል። እናቴ የቅቤ ጣሳ ይዛ ከጎናቸው ቆማለች። የስኩተሯ ግንባር፣ ከመብራቱ በላይ፣ ያብለጨልጫል።

«ና፣ አሚን በል» አሉኝ አያ እንድሪስ። «ጌታቸው፣ አንተም ከመሄድህ በፊት።»

ቆምን።

«ጎማዋን ከእሾህ ይጠብቃት።»

«አሚን።»

«ነጂዋን ከክፉ ዓይን ይሰውረው።»

«አሚን።»

«ያወጣችውን ትመልስ።»

«አሚን!» ጌታቸው ከሁላችንም ይበልጥ ጮኸ።

ዱዓው ሲያልቅ የእጅ መያዣዎቹም ቅቤ እንደነካቸው አየሁ። እጄ እንዳያንሸራትተኝ በጨርቅ ጠረግኋቸው። አያ እንድሪስ ፊታቸው ተለወጠ።

«ምርቃት ይጠረጋል እንዴ ሰይድ?»

«አይ አያ፣ እጄን እንዳያዳልጠኝ ብቻ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ጨርቁን ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ በኋላ የትም ጎንበስ ብዬ አላየሁም። ሽማግሌ ፊት የምርቃት ቅቤ እየፈለጉ መጥረግ ነውር ነው።

እናቴ ሻሿን አጥብቃ ሄልሜት ደፋች። «ድስት ነው እንዴ ያሸከምከኝ?» እያለች ከኋላዬ ተቀመጠች። ወጣን።

ከደሴ እስክንወጣ ፍሬን ብዙም አላስፈለገኝም። ባጃጅ በበዛበት መሃል ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት፤ ለማቆምም የኋላው ይበቃኝ ነበር። አንድ ጊዜ የፊቱን ስይዘው ደከም ያለ መሰለኝ። መመሪያው ግን አዲስ ሸራ እስኪለምድ ድረስ በደንብ አይዝም ብሎ ነበር፤ ያ ነው አልኩ። ልክ ያልሆነ ነገር ሲሰማችሁ ምክንያት ቶሎ አታግኙለት፤ ይህን ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው።

ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት ስንደርስ ኮምቦልቻ ከታች በጭጋግ ውስጥ ታየች። ነፋሱ ሞቅ አለ። እናቴ የያዘችኝን እጅ ላላ አደረገች።

«ምን አለው ታዲያ?» አለች። «በቅሎ አይደል እንዴ! እንዲያውም በቅሎ ትነጥራለች።»

ደስ አለኝ። ልቧ ሊያምን ነው ብዬ አሰብኩ።

የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ነዳጁን ለቅቄ የፊቱን ፍሬን ጨበጥኩ። እጀታው ጠንካራ ነው፤ የፍሬን ዘይቱ ደህና ነው ማለት ነው። ስኩተሯ ግን አልሰማችኝም። በኃይል ጨበጥኩት። አሁንም ምንም። የኋላውን ያዝኩ፤ እሱ ያዘ። ኩርባውን አለፍን። ሁለት ሰው በዚያ ቁልቁለት በአንድ የኋላ ፍሬን ማውረድ ግን ከአቅሙ በላይ ነው። ብዙም ሳንርቅ የተቃጠለ ሸራ ሸተተኝ። ከዚያ እሱም እየላላ ሄደ።

«ሰይድ፣ ቀስ በል።»

«እሺ።»

«እሺ ካልክ ቀስ በላ!»

«እማ፣ አጥብቀሽ ያዢኝ።»

ገባት።  ሁለት እጇን ደረቴ ላይ ቆልፋ ቁርኣን መቅራት ጀመረች። ቃሉ አይሰማኝም፤ ትንፋሿ ብቻ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል።

በግራ ገደል ነበር። ዓይኔን ከመንገዱ አላነሳሁም። ያነበብኩት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እንዲህ ያለች ስኩተር ማርሽ የላትም። ነዳጁን ጨርሰህ ስትለቅ ሞተሩ ከጎማው ይለያይና እንደ ብስክሌት ብቻዋን ትንደረደራለች። ትንሽ ነዳጅ ስትሰጣት ግን ሞተሩ ጎማውን ይይዘዋል፤ ከዚያ ስትቀንስ ወደ ኋላ ይጎትታታል። ለማዝገም መጀመሪያ ነዳጅ መስጠት አለብህ። ይህን ቤት ተቀምጦ ማንበብ ቀላል ነው። እናትህን ይዘህ በቁልቁለት እየተንደረደርክ ነዳጅ ስጥ ሲባል ግን እጅ አይታዘዝም። የነዳጁን እጀታ ጠመዘዝኩት። ሞተሩ ጮኸ።

«ጭራሽ ትጨምራለህ?!»

«ለማቆም ነው!»

«በመጨመር የሚቆም ምን አለ! ያረቢ፣ ልጄ አበደ!»

ቀነስኩ። ሞተሩ ያዘ፤ ጎተተን። ጥቂት፣ በጣም ጥቂት አዘገመች። ሁለተኛውን ኩርባ ተዘንብለን፣ የመንገዱን ግማሽ ወስደን አለፍን። ከፊት መኪና ቢመጣ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ከኩርባው በኋላ ጎኑ ተለወጠ፤ ገደሉ ወደ ቀኝ ሆነ፣ ተራራው ወደ ግራ። እዚያው ፊት ለፊት በግራ በኩል፣ ከአስፋልቱ ተነሥቶ ወደ ላይ፣ ወደ መንደር የሚወጣ የአፈር መንገድ አየሁ። ዳገት ያቆማታል። ግን እዚያ ለመድረስ የሚመጡትን መኪኖች መስመር ማቋረጥ አለብኝ። በዚያ መስመር ደግሞ ቀዩ ሲኖ ጭነት ተሸክሞ፣ እያቃሰተ ወደ ላይ ይመጣል።

ሲኖው ቀርፋፋ ነው። እኛ ፈጣን ነን። ከአፈር መንገዱ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ለማስላት ጊዜ አልነበረኝም። ጥሩምባዬን ተጭኜ ታጠፍኩ። የሲኖው ጥሩምባ ጆሮዬን ደፈነው፤ የሞተሩ ሙቀት እግሬን ነካኝ። ከዚያ አፈር፣ ድንጋይ፣ ዳገት። ስኩተሯ ጥቂት ወጣች፣ ደከመች፣ ቆመች፤ ቀስ ብላም በጎኗ ወደቀች። እኛም ከእሷ ጋር።

 አቧራው ሲገለጥ እናቴ ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጣለች። ሄልሜቷ ወደ አንድ ዓይኗ ተንጋዷል።

«እማ! ምንሽን ነው?»

«ድስቱን አውልቅልኝ» አለች።

አወለቅሁላት። ክንዷ ተልጧል፤ ሌላ ምንም የለባትም። 

የሲኖው ሾፌር መኪናውን አቁሞ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገብቶ እየሮጠ መጣ።

«አንተ! ፊቴ ላይ ነው እንዴ የምትታጠፈው? አንተ ብትሞት ታሳሪው እኔ ነኝ እኮ!» ከዚያ እናቴን አየ። ድምፁ ወረደ። «እናቴ፣ ተረፉ? ኧረ ሱብሃነላህ! የሆነ ቦታ ያምምዎታል?»

«አብሽር ልጄ፣ ደህና ነኝ።»

«ፍሬን እምቢ አለኝ» አልኩት።

ስኩተሯን ቀና አድርገን አቆምናት። የፊቱ ዲስክ ላይ ጎንበስ አልን። ሾፌሩ በጣቱ ጠረግ አደረገና ጣቱን አሸተተ። እንደገና አሸተተ። ከዚያ ከሞት የተረፈ ሰው እንደሚስቅ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ቅቤ ነው! ወላሂ ለጋ ቅቤ! ለፍሬን ሹሩባ የሠራለት ማነው?»

እኔ ወዲያው ገባኝ።  ፊቴን ወደ እናቴ እንዳላዞር ዲስኩ ላይ ተከልኩት።

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ።

ሾፌሩ ሳቁን አቆመ።

«ይሄ ነው የሚያቆመኝ አላለኝም? ሐረጎ ላይ ልጅሽን የሚይዝልሽ ይሄ ነው አላለኝም?» የምትናገረው ለሾፌሩ ነው፤ እኔን አላየችኝም። «ሌላውን ነካ ነካ ነው ያደረግሁት። ለእሱ ግን አበዛሁለት። በሁለቱም ጎን።»

 ሾፌሩ ራሱን አከከ።

«ልጄ» አለችኝ፣ «አፉ በለኝ።»

በእኛ አገር ይቅርታ የሚጠየቀው እንዲህ ነው። እናት ልጇን ስትጠይቅ ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«አፉ ብያለሁ እማ። አንቺም አፉ በይኝ።»

ሾፌሩ «ናፍጣ ልስጥህ፣ እጠበው» አለኝ። ናፍጣም ራሱ ቅባት ነው፤ በሳሙና ወይም በቤንዚን ነው የሚታጠበው፣ ቅቤ የጠጣው ሸራ ደግሞ መቀየር አለበት ብዬ አስረዳሁት። «እንግዲያው ጭነን ወደ ደሴ ልመልሳችሁ» አለ። ደግ ሰው ነበር። እኔም ተስማማሁ። ነገሩ አልቋል፤ ስኩተሯ ወደ ሱቋ ትመለሳለች፣ እኔ ወደ ሚኒባሴ።

እናቴ ልብሷን አራግፋ ተነሣች።

«አይሆንም። ኮምቦልቻ ነው ያልኩት።»

«እማ፣ በዚህ መንዳት አይቻልም።»

«ማን ንዳ አለህ? እግር የለንም?»

የኋላው ፍሬን ሲበርድ ትንሽ ትንሽ መያዝ ጀምሯል፤ በእግር ለሚወርድ ይበቃል። እኔ መሪውን ያዝኩ። እናቴ ከኋላ የዕቃ መጫኛውን ብረት ይዛ ወደ ኋላ ትጎትታለች።

«አሁን ፍሬኗ እኔ ነኝ» አለች።

የቀረውን ቁልቁለት እንዲህ ወረድነው። ፀሐዩም እየከረረ ነበር። መኪኖች ጥሩምባ እየነፉብን ያልፋሉ። ፈረቃዬ አለፈ፤ አላሰብኩትም። አንድ ጥላ ሥር ስንደርስ እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች።  እኔም የፍርዱን ቃል እንደሚጠብቅ ሰው ቆሜ ቀረሁ።

«ደረትህን ይዤ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ልብህ መዳፌን ይደበድበው ነበር።»

«ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔ እኮ የምፈራው አንተ አትፈራም ብዬ ነበር። ዝምታህን አይቼ፣ ይሄ ልጅ ምንም አይመስለውም እል ነበር።» ጫማዋን መልሳ አደረገች። «ትፈራለህ። ከፈራህ ንዳው። አጥበህ፣ አስተካክለህ ንዳው።»

ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ጌታቸው እየጠበቀን ነበር። ስኩተሯን እየገፋን ስንመጣ ሲያየን በአቧራችን ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ የእናቴን ክንድ አየና ዘጋው። መሪውን ከእጄ ተቀበለኝ።

ዛሬ ስኩተሯ አለች። ድካሙም አለ፤ ፈረቃ ፈረቃ ነው። እናንተ የምታነቡ ግን፣ አዲስ ሞተር ወይም ስኩተር ቤታችሁ ከገባ፣ ከእኔ አንድ ነገር ውሰዱ። ዘይቱን፣ ዳዶውን፣ ነፋሱን፣ ባትሪውን አንዴ አይታችሁ ጨርሻለሁ አትበሉ። የመጨረሻው ፍተሻ ከሁሉም ነገር በኋላ፣ ልትነሡ ስትሉ ነው መደረግ ያለበት። በእግር እርምጃ ፍጥነት ሁለቱንም ፍሬን ለየብቻ ሞክሩ። ዛሬ የሠፈር ሰውና የፋብሪካ ልጆች አዲስ ሲገዙ እኔን ይጠሩኛል። ስሄድ መጀመሪያ የምጠይቀው «ተመርቃለች?» ብዬ ነው። ካልተመረቀች ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ሽማግሌው ዱዓቸውን ይጨርሱ፣ እናት ቅቤዋን ትቀባ፣ እኔም አሚን እላለሁ። ከዚያ ነው ጎንበስ የምለው። እናቲቱንም እጠራትና ዲስኩን አሳያታለሁ። ይሄ የሚይዘው ደረቅ ሲሆን ነው፣ እዚህ ቅባት አይነካም ብዬ እስከ መጨረሻው እነግራታለሁ። ለእናቴ ግማሹን ብቻ ነበር የነገርኳት። ከዚያ ቀን በፊት አጭር መልስ ትሕትና ይመስለኝ ነበር።

አያ እንድሪስ፣ ይህን የሚያነብልዎት ሰው ካለ፣ ከዱዓው ያስቀረሁት ቃል ካለ ይንገሩኝ፤ እጨምረዋለሁ። ጌታቸው፣ እናቴን ሻይ ቤት አስቀምጠህ ስታጫውታት እኔ ሳሙና ፍለጋ ሄጄ ነበር። ምን አለችህ? እስከ ዛሬ አልነገርከኝም።

አንተ የሲኖው ሾፌር ግን፣ ምናልባት ይህ ጽሑፍ ቢደርስህ፣ ካንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እኔ በዚያች ቅጽበት ያየሁት የአፈር መንገዱን ብቻ ነው። እኛን ከፊት ለፊት ያየኸን አንተ ብቻ ነህ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ነበር ወይስ ገልጣ? እሷ ጨፍኜ ነበር ትላለች። እኔ አላምናትም።